የተመለሰው ኢሜይል ምን እያለሽ ነው?

ጥያቄው የመጣው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ካለ የትራንዚት ቢሮ ነው። አሥራ አራት ሠራተኛ አላቸው። የራሳቸው ዶሜይን አላቸው፣ ውጭ አገር በተከራዩት ሰርቨር ላይም ፖስትፊክስ የሚባለውን ኢሜይል የሚልክና የሚቀበል ፕሮግራም ጭነዋል። የጻፈችልኝ የአስተዳደር ሠራተኛዋ ናት። ኮምፒውተር ስለምትችል የአይቲው ሥራ እሷ ላይ ወድቋል።

እንዲህ ትላለች፦ «ከወር ወዲህ ወደ ጂሜይል የምንልከው ሁሉ ይመለሳል። ጅቡቲ ላሉት ደንበኞቻችን ግን ይደርሳቸዋል። ተመልሶ የሚመጣው ጽሑፍ እንግሊዝኛና ቁጥር ብቻ ነው፤ ማንም አይገባውም። ሁሉም እኔን ይጠራኛል። ይህን መልእክት በአማርኛ ማድረግ ይቻላል? ድረ ገጻችንም በዚያው ሰሞን ወደ ሌላ ሆስቲንግ ተዛውሯል።» የስልክ ፎቶም አያይዛለች። ፎቶው መልእክቱን ግማሽ ላይ ቆርጦታል።

እህቴ፣ አዎ ይቻላል። አሠራሩን እነግርሻለሁ። ግን በአማርኛም ይምጣ በእንግሊዝኛ፣ ኢሜይሉ መመለሱን እስካላቆመ ድረስ እፎይ አትሉም። ስለዚህ ከበሽታው እንጀምር።

መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻት ነገር ናት እኔን የያዘችኝ። ጂሜይል ይመልሳል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ነገሩ የጀመረው ድረ ገጽ ሲዛወር ነው። ፎቶው ላይ ደግሞ 550 እና 5.7 ይታየኛል፤ ቀሪው ተቆርጧል። እነዚህ ሲገጣጠሙ እጄ ቀጥታ የሚሄደው ወደ ኤስፒኤፍ ነው።

ኤስፒኤፍ በዶሜይናችሁ ዲኤንኤስ፣ ማለትም ዓለም ሁሉ በሚያየው የዶሜይናችሁ አድራሻ መዝገብ ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ናት። «በእኛ ስም ኢሜይል የሚልኩት እነዚህ ሰርቨሮች ናቸው» ትላለች። ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ላኪ ሁሉ ቢያንስ በኤስፒኤፍ ወይም በዲኪም (ሰርቨሩ በእያንዳንዱ ኢሜይል ላይ በሚያኖረው ዲጂታል ፊርማ) ማንነቱን እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። ያላረጋገጠውን ይመልሳል። የደንበኞቻችሁ ሰርቨር እንደዚህ ስለማያጠብቅ ነው የሚደርሳቸው።

የሆነው እንዲህ ይመስለኛል። ድረ ገጹን ያዛወረው ሰው ዲኤንኤሱንም አብሮ አዛወረው። የሚመጣው ኢሜይል የት እንደሚደርስ የምትናገረውን መስመር፣ ኤምኤክሱን፣ አስታውሶ አስገባ፤ ለዚህ ነው ወደ እናንተ የሚመጣው ኢሜይል ያልተቋረጠው። አዲሱ ሆስቲንግ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው የራሱን ማሽን ብቻ የምትጠራ ኤስፒኤፍ ፈጠረ። የእናንተ የኢሜይል ሰርቨር እዚያች ላይ የለም። ርካሽ ሆስቲንግ ላይ ይህን ስንቴ እንዳየሁት! «ኢሜይልም፣ ድረ ገጽም፣ ዲኤንኤስም በአንድ ዋጋ» ይሉና ሰው የተለየ ሰርቨር ሊኖረው እንደሚችል አያስቡም። ከዚያ አንድ ሰው ይጠራል፤ እሱም የነበረችውን ሳያይ ሁለተኛ ኤስፒኤፍ ጨምሮ ይሄዳል። ለአንድ ዶሜይን ሁለት ኤስፒኤፍ ካለ ተቀባዩ ስህተት ነው ብሎ ሁለቱንም ይተዋቸዋል። ስለዚህ ሁለት ማድረግ ምንም እንደሌለ ነው።

ዲኤንኤስ ወደሚተዳደርበት ገጽ ግቢ። ከመንካትሽ በፊት ያለውን ሁሉ ቅጂ ያዢ። ቲኤክስቲ የሚሉትን መዝገቦች ተመልከቺ፤ ኤስፒኤፍ ያለችው እዚያ ነው። ኤስፒኤፍ ሁለት ካገኘሽ ወደ አንድ አዋህጃቸው፤ የኢሜይል ሰርቨራችሁን አይፒም (ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ጨምሪ። ሰርቨሩ በአይፒቪ6ም፣ በአዲሱና በረጅሙ የአይፒ ዓይነት፣ የሚልክ ከሆነ ያንንም አስገቢ፤ ብዙ ሰው ይህቺን ይረሳና «አንዳንዱ ይደርሳል፣ አንዳንዱ አይደርስም» እያለ ይንከራተታል። መጨረሻ ላይ ካለችው «ኦል» ከምትለው ቃል በፊት የመደመር ምልክት ካየሽ አንሺው። «ማንም በስሜ ይላክ» ማለት ነው። በእሱ ፈንታ ይህን ምልክት አድርጊ፦ ~

ዲኪሙም ቀርቶ ይሆናል። ሚስጥራዊው ቁልፍ ሰርቨራችሁ ላይ አለ፤ ዲኤንኤስ ላይ መኖር ያለበት ግን አብሮ አልሄደም። የድሮው ዲኤንኤስ ካልተዘጋ ከዚያ ቅጂውን አምጪ። ለውጡ እስኪሰራጭ ጥቂት ሰዓት ጠብቂ። ከዚያ ከቢሮው አድራሻ ወደ ራስሽ ጂሜይል ላኪ፣ በኮምፒውተር ክፈቺው፣ ከሦስቱ ነጥቦች ውስጥ ኦሪጅናሉን የሚያሳየውን ምረጪ። ኤስፒኤፍና ዲኪም አጠገብ «ፓስ» የሚል ካየሽ ጨርሰሻል።

ወደ አማርኛው ሳልገባ አንድ ነገር ላጥብቅ። እውነተኛ ተመላሽ ኢሜይል ፓስወርድ አይጠይቅም። «ስምንት መልእክቶችዎ ታግደዋል፣ ለማስለቀቅ እዚህ ይጫኑ» የሚል ከመጣ ሌባ ነው። እዚሁ ድሬ፣ እኔ ራሴ ተጠርቼ የሄድኩበት አንድ ቢሮ ነበር። ልጁ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በዚያ ሙቀት፣ ሥራውን ጨርሶ ሊወጣ ሲል እንዲህ ያለ ኢሜይል መጣለት። ቶሎ ልገላገል ብሎ ተጫነ፣ ፓስወርዱን አስገባ። ከቀናት በኋላ ደንበኞቻቸው ከእሱ አድራሻ «የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል» የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። እኔ ስደርስ ልጁ ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የተመለሰ ኢሜይል ሰው ስለማይገባው ነው ሌባ በዚህ በኩል የሚገባው። የሚገባ መልእክት ማዘጋጀት ቅንጦት አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበትን ነገር ልንገርሽ። የተመለሰውን ኢሜይል የጻፈው ማን ነው? ጂሜይል ይመስልሻል። አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የጻፈው የራስሽ ሰርቨር ነው።

ከከዚራ ወደ መጋላ አንድ ልጅ ፖስታ አስይዘሽ ላክሽ እንበል። ልጁ ደጫቱን ተሻግሮ ቤቱ ደረሰ። ዘበኛው በሩ ላይ አቆመው። ልጁ መጀመሪያ ሰላም ብሎ ስሙን ተናገረ። ቀጥሎ ማን እንደላከው ተናገረ። ከዚያ ለማን እንደመጣ ተናገረ። ዘበኛው በእያንዳንዱ ላይ «እሺ፣ ቀጥል» ይለዋል። የተቀባዩን ስም ሲሰማ ግን «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» አለው። ፖስታውን አልነካውም። ለአንቺም ደብዳቤ አልጻፈም፤ አንቺን አያውቅሽም። አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ተናግሮ በሩን ዘጋ።

ልጁ ተመልሶ መጣ። ያጋጠመውን የሚነግርሽ በራሱ አፍ ነው። «እትዬ፣ ሄጄ ነበር፣ አልተቀበሉኝም» ይልሻል። ይህ የልጁ ቃል ነው። ከዚያ «ዘበኛው እንዲህ አለኝ» ብሎ የዘበኛውን ንግግር ይደግምልሻል። ያ ደግሞ የዘበኛው ቃል ነው። የሚመለሰው ኢሜይልም ልክ እንደዚህ ሁለት ድምፅ አለው። ላይኛው ክፍል፣ «ይህ የኢሜይል ሥርዓቱ ነው፣ አዝናለሁ» የሚለው፣ የሰርቨራችሁ ነው። «እንዲህ አለኝ» ከሚለው በኋላ፣ 550 ብሎ የሚጀምረው፣ የጂሜይል ነው። የልጁን ቃል መቀየር ትችያለሽ፤ ልጁ የአንቺ ነው። የዘበኛውን ቃል መቀየር አትችይም፣ መቀየርም የለብሽም። መድኃኒቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። አልፎ አልፎ ዘበኛው ፖስታውን ይቀበልና ኋላ ላይ ከውስጥ ይመልሱታል። ያኔ ደብዳቤውን የጻፈው የእነሱ ቤት ነው፤ እሱ ላይ እጅሽ አይደርስም።

ሐረር ላይ አንድ ቢሮ ይህን ያልተረዳ ሰው የሠራውን አይቻለሁ። ሠራተኞቹ በእንግሊዝኛው ሲማረሩ፣ ከሜይለር ዴመን፣ ማለትም ተመላሽ ኢሜይል ከሚመጣበት የላኪ ስም፣ የሚመጣውን ሁሉ ወደ ቆሻሻ የሚጥል ፊልተር ሠራላቸው። ጸጥ አለ። ደንበኛ ደውሎ «ለምን አትመልሱልኝም?» እስኪል ድረስ ማንም አላወቀም። እንዲህ ያለ ጥገና ከብልሽቱ ይብሳል።

ቁጥሮቹ አስቸጋሪ አይደሉም። ባለሦስት አሃዙ ኮድ ኢሜይል መላኪያው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ጀምሮ አለ። በነጥብ የተለያዩት ደግሞ በ1996 የመጡ ናቸው። የመጀመሪያዋን ቁጥር እዪ። 4 ከሆነ «ቆይተህ ተመለስ» ነው፤ ሰርቨሩ ራሱ ደጋግሞ ይሞክራል፣ አትንኪው። 5 ከሆነ አለቀ፣ እንዳለ ቢላክም አይደርስም። በነጥብ ከተለያዩት መካከለኛዋ ቁጥር ጣጣው የት እንዳለ ትነግርሻለች። 1 አድራሻው ነው። 2 የተቀባዩ ሳጥን ነው። 4 መንገዱ፣ ማለትም ኔትወርኩ ነው። 7 ደግሞ ጥበቃና ፈቃድ ነው። የእናንተ 5.7 ያለው ለዚህ ነው። ሌላውን ሲያጋጥምሽ ታዪዋለሽ።

ወደ አማርኛው እንምጣ። ፖስትፊክስ ለዚህ የተዘጋጀ ነገር አለው። ባውንስ.ሲኤፍ.ዲፎልት የሚባል የናሙና ፋይል አብሮ ይመጣል። እሱን አትንኪው፤ ገልብጪና ቅጂው ላይ ሥሪ። ውስጡ የተለያዩ ጽሑፎች አሉ፤ ለአንቺ የሚያስፈልጉሽ ፈጽሞ ያልደረሰውና የዘገየው ናቸው። ቻርሴት (የፊደል ዓይነት) የሚለውን መስመር ወደ ዩቲኤፍ-8 ቀይሪ፤ ካልቀየርሽ የግዕዙ ፊደል አይሠራም። ርዕሱን ባለበት ተዪው፤ እዚያ ላይ ፊደላችንን ቀጥታ መጻፍ ያበላሻል። ከዚያ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦

«ይህን የጻፈው የቢሯችን ሰርቨር ነው። የላኩት ኢሜይል አልደረሰም። ከታች ባለው እንግሊዝኛ ውስጥ በነጥብ የተለያዩ ሦስት ቁጥሮችን ይፈልጉ። 5.1 ብሎ ከጀመረ አድራሻውን ፊደል በፊደል ያረጋግጡ። 5.2.2 ከሆነ የተቀባዩ ሳጥን ሞልቷል፤ ይደውሉለት። 5.3.4 ወይም 5.2.3 ከሆነ ፋይሉ ከብዷል። 5.7 ብሎ ከጀመረ ምንም ሳይነኩ ይህን ኢሜይል እንዳለ ለአስተዳደር ይላኩ። ይህ መልእክት ፓስወርድ አይጠይቅም፤ የሚጫኑት ሊንክም የለውም።»

ከዚህ በላይ አታርዝሚው፤ ረጅም ከሆነ ማንም አያነበውም። «ፋይሉ ከብዷል» ያልኩት ላይ ሠራተኞቹን አንድ ነገር ንገሪያቸው። አታችመንት ሲላክ በሲሶ ያህል ያብጣል። ተቀባዩ የሚቀበለው እስከ 25 ሜጋባይት ከሆነ፣ 20 ሜጋባይት የሆነ ስካን አያልፍም። የትራንዚት ሰነድ በከፍተኛ ጥራት ስካን የሚያደርግ ሰው ሁሉ በዚህ ይመታል።

የዘበኛውን ቃል ፖስትፊክስ ራሱ ከጽሑፍሽ በታች ይቀጥለዋል፤ እንዳይጠፋ አትስጊ። ፋይሉን ስትጨርሺ በፖስትፊክስ ዋና የማስተካከያ ፋይል፣ በሜይን.ሲኤፍ ውስጥ የባውንስ ቴምፕሌት ፋይሉን መስመር ወደ አዲሱ ፋይል አመልክቺ። ከመጫንሽ በፊት ግን ፖስትኮንፍ በሚለው ትእዛዝ፣ ሰረዝ ቢ ጨምረሽ፣ ምን እንደሚመስል አስቀድመሽ እዪው። ከዚያ ለውጡን እንዲያነብ ፖስትፊክስን ሪሎድ አድርጊ። ወደሌለ አድራሻ አንድ ኢሜይል ልከሽ ፈትኚው።

እግረ መንገድሽን የመዘግየት ማስጠንቀቂያውንም አብሪ። ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ፖስትፊክስ «ቆይተህ ተመለስ» የተባለበትን ኢሜይል ለ5 ቀን ሲሞክር ይቆይና ነው ተስፋ ቆርጦ የሚነግርሽ። ዕቃው ወደብ ላይ ቆሞ 5 ቀን ማለት ምን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። ማስጠንቀቂያው ከ4 ሰዓት ሙከራ በኋላ እንዲመጣ አድርጊ። የዘገየው ጽሑፍ ላይ «ገና እየሞከርኩ ነው፣ ድጋሚ አይላኩ» ብለሽ ጻፊ፤ አለዚያ ሰው አንዱን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ይልካል።

አማርኛው ከገባ በኋላ ለሠራተኞቹ አሳዪያቸው። «የኛ ይህን ይመስላል» በያቸው። ሌላ መልክ ያለው፣ በተለይ ሊንክ ያለው ሲመጣ እንዲጠራጠሩ። የኛን መስሎ ቢመጣም እንኳ ፓስወርድ ከጠየቀ የኛ አይደለም። ይህን ደጋግመሽ ንገሪያቸው፤ እኔም ደግሜዋለሁ። ያልላኩት ኢሜይል «ተመለሰ» ከተባለም ወይ ሌባ በስማቸው ልኳል፣ ወይ አካውንታቸው ተይዟል። በዚያው ቀን ሎጉን፣ ሰርቨሩ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ እዪ።

ኤስፒኤፉ ተስተካክሎም 5.7 ከቀጠለ፣ የተመለሰውን ኢሜይል ሙሉ ጽሑፉን ላኪልኝ፤ ፎቶውን ተዪው። ውስጡ ስፓምሃውስ የሚል ስም (የአይፈለጌ ኢሜይል ላኪዎችን ዝርዝር የሚይዝ ድርጅት ነው) ካለ አይፒያችሁ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ እሱ ሌላ ሥራ ነው። ከሌለ መጀመሪያ የአይፒው የግልባጭ ስም፣ ማለትም ቁጥሩ ሲጠየቅ የሚመጣው ስም፣ ከሰርቨሩ ስም ጋር መግጠሙን አረጋግጪ። ያንን የሚያስተካክልልሽ ሰርቨሩን ያከራያችሁ ድርጅት ነው፤ ዲኤንኤስ ገጽሽ ላይ አታገኚውም።