«በልብወለዱ ፍቅሩ በኋላ መጣ፤ ለእኔስ ይመጣል?»

ይድረስ ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 27 ነው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የምሠራው ደግሞ ገላን፣ አንድ ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል ውስጥ። ማታ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ በስልኬ ልብወለድ አነባለሁ። አሁን የያዝኩት የበረሃ ፍቅር ነው። ሁለት ነገሥታት በአንድ የውሃ ጉድጓድ ይጣላሉ። ጦርነት እንዳይነሳ የአንዱ ልጅ ለሌላው ልጅ ትዳራለች። አይዋደዱም። ድንኳናቸው እንኳን ለየብቻ ነው። በኋላ የአሸዋ ማዕበል መንገድ ላይ ያግታቸዋል፤ ፍቅራቸውም ከዚያች ሌሊት ይጀምራል። እንባዬ መጣ።

ይሄን ያነሳሁት በምክንያት ነው። አባቴ የግንባታ ዕቃ ሱቅ አለው። አሸዋና ጠጠር የሚያመጡለት ሲኖትራኮች የአንድ የድሮ ወዳጁ ናቸው። በዱቤ ሲሠሩ ኖረው የአባቴ ዕዳ በዝቷል። አሁን ሰውየው ለልጁ ሽማግሌ ላከ። አባቴ ደስ ብሎታል፤ «ሁለቱ ቤት አንድ ይሆናል» ይላል። ልጁን ሁለቴ ሻይ ጠጥተን አይቼዋለሁ። «አሁን እወድሻለሁ ብልሽ ውሸት ነው። ግን አከብርሻለሁ» አለኝ። ሌላ የምወደው ሰው የለኝም። እናቴም «እኔና አባትሽ የተዋደድነው ከወለድን በኋላ ነው» ትለኛለች። ሽማግሌዎቹ ለመልሱ ከፋሲካ በኋላ ይመጣሉ። እሺ ልበል?

የቱሉ ዲምቱዋ

መልስ

የኔ ልጅ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ልጁ የተናገረውን ነገር ወድጄዋለሁ። ወዳጅ መስሎ ለመታየት ያልዋሸ ሰው ነው።

ልብወለድሽንም አልነቅፍም። መነሻው እውነት አለው። እንደ ፈረንጆቹ በ1921 የሳኡዲ መንግሥት መሥራች ኢብን ሳኡድ ሐኢል የምትባለውን የዓረቢያ ከተማ ከገዢዎቿ ከራሺድ ቤተሰብ ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ፋህዳ የምትባለውን፣ የሟቹን የራሺድ አሚር ሚስት አገቡ። እሷ የሸመር ጎሳ ልጅ ነበረች፤ ጋብቻው ትናንት ጠላት የነበረውን ዘመድ አደረገው። የወለደችው አብደላም በኋላ የሳኡዲ ንጉሥ ሆነ። ታሪኩ ይሄን ሁሉ ሲነግረን የፋህዳን ልብ ግን አይነግረንም። በልብወለድ ውስጥ ደራሲው የሁለቱንም ልብ ከፍቶ ያሳይሻል። አንቺ የምታውቂው የራስሽን ብቻ ነው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ምኒልክና ጣይቱ አንኮበር ላይ በ1875 ዓ.ም. ሲጋቡ ነገሩ የፖለቲካም ነበር፤ ጣይቱ የሰሜኑን ታላላቅ ቤተሰቦች ይዘው መጡ። ግን ጣይቱ ያኔ ከ30 ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ትዳርን ቀድመው የሚያውቁ ሴት ነበሩ። የውጫሌ ውል ነገር ሲነሳ ከጣልያኑ መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር ፊት ለፊት ተከራክረዋል። አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡትም እሳቸው ናቸው። በዚያ ትዳር ውስጥ የእሳቸው ድምፅ ይሰማ ነበር።

የአፄ ኃይለ ሥላሴን ልጅ ልዕልት ዘነበወርቅን ደግሞ አስቢ። በ1924 ዓ.ም. ገና ልጅ ሳለች ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ ተዳረች፤ የትግራይን ቤት ከቤተ መንግሥት ጋር ለማሰር። ከተዳረች ሁለት ዓመት ሳይሞላት መቀሌ ላይ አረፈች። ባልየው በ1928 ወደ ጣልያን ከዳ። ይሄን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። በእሷ ስም ስምምነት የጨረሱ ሁሉ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፤ እሷን የጠየቀ ሰው ግን አይታየኝም።

አንቺ ግን እየተጠየቅሽ ነው። እምቢ ማለትም ትችያለሽ። ሕገ መንግሥቱም በ34ኛው አንቀጽ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ይመሠረታል ይላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ፍቅሩ አይደለም፤ ዕዳው ነው። አባትሽን ለብቻው ያዢውና «ዕዳው ስንት ነው? እኔ እምቢ ብል እንዴት ትከፍላለህ?» በይው። ሂሳብ ክፍል ትሠሪያለሽ፤ ቁጥሩን አንቺው አስቀምጪለት። ከሰውየው ጋር የአከፋፈል ቀን ይፈራረሙ፤ ከሠርጉ በፊት፣ ሠርጉ ቢቀርም የሚሠራ ይሁን። አባትሽ ይከፋው ይሆናል። ይከፋው። ያ ዕዳ በትዳርሽ ውስጥ ከተቀመጠ፣ አንድ ቀን ስትጣሉ አማቾችሽ አንስተው ፊትሽ ላይ ያስቀምጡታል።

ከዚያ ልጁን ሦስተኛ ሻይ ጋብዢው። አንድ «አይሆንም» የምትይው ነገር ይዘሽ ሂጂ። «ሥራዬን አልተውም» ወይም «መልሴ እስከ ሰኔ ይቆይ» በይው። የሚያኮርፍ ከሆነ፣ ወይም ለአባቱ ሮጦ የሚናገር ከሆነ «አከብርሻለሁ» ያለሽ ቃል ገና አልበሰለም። ረጋ ብሎ «ለምን?» ብሎ ከጠየቀሽ፣ እኔ ብሆን ልቤን ትንሽ እከፍትለት ነበር። በልብወለድሽ ውስጥም ማዕበሉ ብቻውን ፍቅር አያመጣም መሰለኝ፤ ሁለቱ በዚያች ሌሊት መነጋገራቸው ነው።

እሺ የምትይ ከሆነ የጋብቻ ውል ተዋዋሉ። ሕጉ ይፈቅዳል፤ ከጋብቻ በፊት የነበረሽ ንብረትም የግልሽ ሆኖ ይቀጥላል።

እናትሽ አልዋሸችሽም። ግን ያልነገረችሽ ነገር አለ። እሑድ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተቀመጪና ከመውለዷ በፊት የነበሩትን ዓመታት እንዴት እንዳሳለፈቻቸው ጠይቂያት። እስክትጨርስ አታቋርጫት። የነገረችሽን ለእኔም ጻፊልኝ።