ከገጠር መንገድ እስከ ባሕር ዳርቻ፦ ስለ ቤተሰብ ጉዞ ጥያቄዎቻችሁ

የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲቃረብ የሚደርሱን ጥያቄዎች ይለወጣሉ። ስለ ፈተና ይጠይቁን የነበሩ ወጣቶች ስለ መንገድ ይጠይቃሉ፤ ወላጆች ደግሞ ስለ ወጣቶቹ። ለዚህ ዕትም በገጠርና በባሕር ዳር ከቤተሰብ ጋር ስለሚደረግ ጉዞ የተጻፉትን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ጠመዝማዛው መንገድ ገና ሲጀምር ያቅለሸልሸኛል። ታናናሾቼ ግን ምንም አይሆኑም። እናቴ «ስልክሽን ስለምትነካኪ ነው» ትለኛለች። እውነት ነው? (የ14 ዓመት ልጅ)

መልስ፦ እናትሽ አልተሳሳቱም፤ ስልኩ ግን ብቻውን አይደለም። የሚያቅለሸልሽሽ ዓይንሽና የውስጥ ጆሮሽ ለአእምሮ የተለያየ ወሬ ስለሚያቀብሉ ነው። መኪናው ሲታጠፍ፣ ሲፈጥንና ሲቆም የውስጥ ጆሮ ይሰማዋል። ስልክ ወይም የፊት ወንበር ጀርባ ላይ የተተከለ ዓይን ግን ምንም እንዳልተንቀሳቀስሽ ይናገራል። ስለዚህ ዓይንሽም መንገዱን ይይ። የአገሩ ሕግ ከፈቀደ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጪ። ካልሆነ ከኋላ መሐል ላይ ሆነሽ ቀበቶሽን እሰሪና በፊት መስተዋት አሻግረሽ ሩቅ ተመልከቺ። ጭንቅላትሽን መደገፊያው ላይ አስጠጊው። በባዶ ሆድ መነሣትም ሆድን ሞልቶ መነሣትም አይበጅም፤ ከጉዞው አንድ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ቀለል ያለ ነገር መብላት ይሻላል።

የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚወሰደው ከመነሣት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ነው። ብዙ ሰው ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ይውጠውና «አልሠራልኝም» ይላል። ሆድ ሲታመም ሥራውን ስለሚያዘገይ ክኒኑ ወደ ደም የሚገባው ዘግይቶ ነው። አብዛኞቹ ክኒኖች እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ለዕድሜሽና ለክብደትሽ የሚስማማውን ፋርማሲስት ጠይቂ። ማዛጋት፣ ምራቅ መብዛትና ቀዝቃዛ ላብ ሲጀምርሽ ወዲያው ተናገሪ። በዚያ ሰዓት ቆሞ 10 ደቂቃ በእግር መንቀሳቀስ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ካስመለሰሽ በኋላ መቆም ግን ለምንጣፉም አይጠቅም። ለሹፌሩም አንድ ነገር እንበል፤ ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ውስጥ ከተገባ በኋላ ሳይሆን ከኩርባው በፊት ነው።

ጥያቄ፦ ባሕሩ ሲሸሽ በሚገለጠው አሸዋ ላይ አለታማውን ጥግ ዞረን ማዶ ወዳለው ዳርቻ በእግር ለመሻገር አስበናል። የ15 ዓመት ልጄ «ውኃው እስኪመለስ ስድስት ሰዓት አለን» ይላል። ልመነው? (የሁለት ልጆች አባት)

መልስ፦ ስሌቱ ከእውነት አልራቀም፤ አደጋው ስድስቱንም ሰዓት እኩል አድርጎ ማየቱ ነው። በአብዛኛው የዓለም ዳርቻ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ ሙላት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በ12 ይከፈላል። በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ ይነሣል፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ በአምስተኛው ሁለት፣ በስድስተኛው አንድ። ልዩነቱ 6 ሜትር በሆነበት ቦታ በመጀመሪያው ሰዓት ውኃው ግማሽ ሜትር ብቻ ከፍ ይላል፤ ሰው ይዘናጋል። በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ግን በድምሩ 3 ሜትር ይጨምራል። መርከበኞች ለግምት የሚጠቀሙበት ይህ ቀመር እንደ ቦታው ቅርጽ ሊዛነፍ ይችላል፤ ለጥንቃቄ ግን ይበቃል።

ሁለተኛው ወጥመድ የአሸዋው ቅርጽ ነው። አሸዋ ሜዳ መስሎ ቢታይም ጎድጓዳ ቦዮች አሉት፤ ብዙ ጊዜ ጥልቆቹ ወደ የብሱ ቀርበው ይገኛሉ። ውኃው መጀመሪያ የሚሞላው እነዚህን ነው። እናንተ ያላችሁበት ደረቅ ሆኖ ሳለ ከኋላ መመለሻችሁ ይቆረጣል ማለት ነው።

ስለዚህ በአካባቢው ወደብ የተዘጋጀውን የሙላትና የጉድለት ሠንጠረዥ ይያዙ። ከቅርብ ከተማ የተወሰደ ሠንጠረዥ አይበቃም፤ ሰዓቱ ሊለያይ ይችላል። የዛሬውን ሰዓት ለነገ አይጠቀሙበት፣ በየቀኑ በ50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ውኃው ዝቅተኛ ደረጃው ላይ ሊደርስ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ይነሡ፤ ዝቅ ባለበት ሰዓት፣ ማዶ ደረሳችሁም አልደረሳችሁም፣ ፊታችሁን መልሱ። ማዶው ከዚያ በላይ የሚርቅ ከሆነ በሌላ መንገድ ይሂዱ። በአዲስ ጨረቃና በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ባሕሩ ከወትሮው ርቆ ይሸሻል፣ አብልጦም ይመለሳል። የአየር ግፊቱ ዝቅ ካለ ወይም ነፋሱ ከባሕር ወደ የብስ ጠንክሮ ከነፈሰ ውኃው ሠንጠረዡ ከሚለው ከፍታ አልፎ ሊወጣ ይችላል። እግራችሁን የሚውጥ ጭቃ ካጋጠማችሁ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ እንጂ ወደ ፊት አትሞክሩት።

ሠንጠረዡን እንዲይዝ ለልጅዎ ይስጡት። ከዋዜማው ጀምሮ ሰዓቱን ያስላ፣ የመመለሻውንም ሰዓት እሱ ይጥራ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ «ተመለስ» ሲባል ያኮርፋል፤ «ተመለሱ» የሚለው እሱ ራሱ ሲሆን ግን ጥብቅ ነው።

ጥያቄ፦ ገንዳ ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ሳላርፍ እዋኛለሁ። ወላጆቼ ግን ባሕር ላይ ከወገብ በላይ አያስገቡኝም። አልበዛም? (የ16 ዓመት ወጣት)

መልስ፦ ገንዳ ግድግዳ አለው፣ ባሕር የለውም። አንድ ኪሎ ሜትር መዋኘትህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ባሕር ላይ ጎበዝ ዋናተኞችን የሚያሰጥመው የጉልበት ማነስ ሳይሆን ጉልበትን በተሳሳተ አቅጣጫ መጨረስ ነው።

ማዕበል ወደ ዳርቻ ያመጣው ውኃ ተመልሶ የሚወጣበት መንገድ ይፈልጋል። በአሸዋ ክምሮች መካከል ክፍተት ሲያገኝ ጠባብ ጅረት ሆኖ ወደ ጥልቁ ይፈስሳል። ፍጥነቱ ይለያያል፤ አንዳንዱ በሴኮንድ ከ2 ሜትር በላይ ይደርሳል፣ ይህን የሚቋቋም ዋናተኛ የለም። ክፋቱ ደግሞ ጅረቱ ያለበት ቦታ ለመዋኘት የሚጋብዝ መምሰሉ ነው። ግራና ቀኙ ማዕበል ሲሰበር መሐሉ ጸጥ ይላል፣ ጠቆር ይላል፤ አንዳንዴም አሸዋ ያደፈረሰው ውኃና አረፋ ወደ ውጭ ሲሄድ ይታያል። ከመግባትህ በፊት ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆመህ 10 ደቂቃ ተመልከት።

ከያዘህ ወደ ዳርቻ አትታገል። ጅረቱ ወደ ውጭ ይወስድሃል እንጂ ወደ ታች አይስብህም። በጀርባህ ተንሳፈፍ፣ እጅህን አንሥተህ ጥራ፣ ትንፋሽህን ሰብስብ። አቅም ካለህ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ወደ ጎን ዋኝ። አንደኛው ጎን እየከበደህ ከመጣ ወደ ሌላኛው ዙር። ከጅረቱ ስትወጣ ማዕበሉ በሚሰበርበት በኩል ተመለስ፤ እዚያ ከሥር አሸዋው ከፍ ያለ ነው፣ ማዕበሉም ይገፋሃል። ሌላ ሰው ተይዞ ካየህ ዘለህ አትግባ፤ ለማዳን የገቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይሰጥማሉ። የሚንሳፈፍ ነገር ወርውርለት፣ የነፍስ አድን ሠራተኛ ጥራ።

ቅዝቃዜም አለ። ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሆነ ውኃ ውስጥ በድንገት የገባ ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል፤ አፉ ውኃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውኃ ነው። ይህ ድንጋጤ በአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይበርዳል። እስከዚያ መዋኘት ሳይሆን መንሳፈፍ ነው የሚሻለው። ለዚህ ነው ቀስ እያሉ መግባት የሚመከረው።

በአየር የሚነፉ ፍራሾችና ጎማዎችን በተመለከተ፣ ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር በሚነፍስበት ቀን ፈጽሞ አታውጣቸው። በዚያ ቀን ዳርቻው አጠገብ ባሕሩ ዝርግ ሆኖ ስለሚውል ያታልላል። ካመለጠህ ተወው፣ አትከተለው። ከላይ ቀይ ከታች ቢጫ የሆኑ ሁለት ባንዲራዎች በብዙ አገር የነፍስ አድን ሠራተኛ የሚጠብቀውን ክልል ያመለክታሉ፤ ቀይ ብቻውን ከሆነ ወደ ውኃው አይገባም። ለወላጆችህ በባንዲራዎቹ መካከል፣ ከጓደኛ ጋር፣ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ልዋኝ ብለህ ጠይቃቸው። ይህን የሚከለክሉ አይመስለንም።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ ገጠር ስንሄድ ከስልኳ ቀና አትልም። ልቀማት? (እናት)

መልስ፦ አይቀሟት፤ ስልኩን ሥራ ይስጡት። የቀኑን የእግር መንገድ እሷ ትምረጥ። ካርታውን ኢንተርኔት ባለበት አስቀድማ አውርዳ፣ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋ መከፈቱን ትሞክረው። ብዙዎች ይህን ሙከራ ይዘልሉና ሜዳ ላይ ባዶ ገጽ ይጠብቃቸዋል። ጂፒኤስ ራሱ ኔትወርክ አይፈልግም፤ ኔትወርክ የሚፈልገው የካርታው ሥዕል ነው። ሰዓቱንም ታስላ፦ በሜዳ ላይ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ሌላ አንድ ሰዓት። ትንንሽ ልጆች ካሉ በዚህ ላይ ግማሹን ይጨምሩ። በሙቀት ለአንድ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር ውኃ መያዝ ተገቢ ነው። ያላችሁበትን ኬንትሮስና ኬክሮስ ከስልኩ ማንበብንም ትልመድ፤ ከነጥብ በኋላ አራት አሃዝ ካለ ፈላጊ ቡድን እስከ 11 ሜትር ድረስ ያቀርባል። በየመንገዱ የሚያገኙትን የግጦሽ በር እንዳገኙት ይተዉት፣ ተዘግቶ ከሆነ ይዘጋ፣ ተከፍቶ ከሆነ ይከፈት። በላምና በጥጃዋ መካከል ግን አይለፉ።

ጥያቄ፦ ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባትም ተቀብቼ በፀሐይ ተቃጠልኩ። ለምን? (የ17 ዓመት ወጣት)

መልስ፦ ሁለት ምክንያት ይኖራል። ደረቅ አሸዋ ከፀሐይ የአልትራቫዮሌት ጨረር 15 በመቶ ያህሉን፣ የባሕር አረፋ ደግሞ 25 በመቶ ያህሉን መልሶ ይረጫል፤ ጥላው ይህን አያግድም። ቅባቱም አንሶ ይሆናል። ለአንድ ትልቅ ሰው ሙሉ አካል 35 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል፣ ሰባት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። 200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ስድስት ጊዜ እንኳ አይሞላም። መከላከያ መጠኑ (ጠርሙሱ ላይ SPF የሚለው) ቢያንስ 30 የሆነ ይሁን፤ ከመውጣትህ ከ20 ደቂቃ በፊት ተቀባ፣ ከዚያ በየሁለት ሰዓቱና ከዋና በወጣህ ቁጥር ድገመው። የጆሮ ጫፍ፣ የእግር ጀርባና የጉልበት ማጠፊያ ይረሳሉ። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፣ ዘግይቶ ይታያል እንጂ። ጥላህ ከቁመትህ ካጠረ ጨረሩ ብርቱ ነው።

አጫጭር መልሶች። ጄሊፊሽ የነደፈው ሰው ቦታውን አይሽ፣ በሽንትም አይጠብ፤ የቀረውን ክር በወረንጦ ነቅሎ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ በሆነ ሙቅ ውኃ 20 ደቂቃ ያህል መንከር ብዙ ጊዜ ያስታግሣል። ኮምጣጤ የሚጠቅመው ለአንዳንዱ ዝርያ ነው፣ ሌላውን ያብሳል፤ የዳርቻው ጠባቂ የሚለውን ስሙ። መተንፈስ ከከበደው ወዲያው ወደ ሕክምና።

መዥገር በጥሩ ወረንጦ ቆዳው አጠገብ ተይዞ ቀጥ ተደርጎ ቀስ ተብሎ ይሳባል። ቅባት አትቀቡት፣ በእሳት አትለብልቡት። ቀኑን ጻፉ፤ በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት ወይም እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከታየ ለሐኪም ይነገር።

ስልክ ባሕር ከነካው ወዲያው አጥፉት፤ ውኃ የማያስገባ ዓይነት ከሆነ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ቻርጅ አታድርጉት። ሩዝ ውስጥ መቅበር ጨውን አያወጣም፤ ብረቱን የሚበላው ደግሞ ጨው ነው።