የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በበግ ፀጉር የቆመች የተራራ መንደር

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ሮም ከተማ ከቤተሰቤ ጋር የምኖር ኢትዮጵያዊት ነኝ። በመጪው የዕረፍት ጊዜ ልጆቼን ከከተማ አውጥቼ አንድ የተራራ መንደር ላሳያቸው አስቤአለሁ። ብዙ ሰዎች በአብሩዞ ክልል ያለችውን ሳንቶ ስቴፋኖ ዲ ሴሳኒዮን ይጠቁሙኛል። ታሪኳ ምንድን ነው? ከድንጋይ ቤቶቿ ሌላስ የሚታይ ነገር አላት?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ የተጠቆሙት ቦታ በእርግጥ ሊታይ የሚገባው ነው። ሳንቶ ስቴፋኖ ከላኩዊላ ከተማ በስተምሥራቅ፣ በግራን ሳሶ ተራሮች ግርጌ 1,251 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ዛሬ ከመቶ ብዙም የማይበልጥ ሰው የሚኖርባት ትንሽ መንደር ናት። ይሁን እንጂ ውብ ናት ብሎ አይቶ መመለስ ብቻውን አይበቃም፤ ያ ሁሉ የተጠረበ ድንጋይ በዚህ ብርዳም ጫፍ ላይ በምን ሀብት እንደተሠራ ያወቀ ጎብኚ ከእያንዳንዱ ቅስት ብዙ ያነባል።

ሀብቱ የመጣው ከበግ ነው። የአካባቢው እረኞች በጋውን በተራራው ሜዳ ካሳለፉ በኋላ፣ በረዶው ከመውረዱ በፊት መንጋቸውን እየነዱ ወደ ፑሊያ ቆላማ ሜዳ ይወርዱ ነበር። ከላኩዊላ እስከ ፎጃ የሚዘልቀው የመንጋ መንገድ 244 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱም እስከ 111 ሜትር ይደርስ ነበር። የኔፕልስ መንግሥትም ከ1447 ጀምሮ (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በዚህ የመንጋ ዝውውር ላይ የግብር ሥርዓት ዘርግቶ ብዙ ገቢ ሰብስቦበታል። በ1579 የፒኮሎሚኒ ቤተሰብ ወራሽ የሆነችው ኮስታንሳ መንደሯን የሚጨምረውን ግዛቷን ለቱስካኒው ታላቅ መስፍን ለፍራንቼስኮ ቀዳማዊ ዴ ሜዲቺ ሸጠች። የፍሎረንስ ባለጠጎች የሆኑት ሜዲቺዎች ይህን ያህል ርቀው የመጡት ካርፋኛ ለሚባለው ጥቁርና ሸካራ የበግ ፀጉር ሲሉ ነው፤ ከእርሱ የመነኮሳት ልብስና የወታደር ደንብ ልብስ ይሠራ ነበር። የሜዲቺዎች ይዞታ እስከ 1743 ዘልቋል። በመንደሯ መግቢያ ቅስት ላይ የተቀረጸውን የቤተሰቡን አርማ ልጆችዎ ቀና ብለው እንዲያዩት ያድርጉ።

ወደ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ አሠራሩን ልብ ይበሉ። መንደሯን የሚከብ ለብቻው የቆመ የመከላከያ ግንብ የለም፤ በዳር ያሉት ቤቶች ጀርባቸውን ለውጭ ሰጥተው፣ እርስ በርስ ተያይዘው ራሳቸው ግንብ ሆነዋል። መተላለፊያዎቹ ጠባብ ናቸው፤ አንዳንዶቹም በቤቶች ሥር የሚያልፉና ከላይ የተሸፈኑ በመሆናቸው ነዋሪው በበረዶ ወራት ሳይቸገር ከደጅ ደጅ ይመላለስባቸው ነበር።

የበግ ፀጉሩ ንግድ ሲዳከም ሕዝቡ ተሰደደ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከአንድ ሺህ በላይ የነበረው ነዋሪ ለሥራ ወደ ከተሞችና ወደ ባሕር ማዶ ፈለሰ፤ ቤቶቹም ተዘግተው ቀሩ። ሰዎቹን ያባረረው ድህነት የጥንቱን ድንጋይ አፍርሶ በሲሚንቶ የሚተካ ሰው እንዳይኖር ማድረጉ ያሳዝናል፤ ዛሬ የምናደንቀው መልክ የዚያ ስደት ውጤት ነውና። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዳንኤሌ ኪልግሬን የተባለ ባለሀብት ባዶዎቹን ቤቶች ገዝቶ፣ መልካቸውን ሳይለውጥ፣ ክፍሎቹ በመንደሯ ውስጥ የተበታተኑ ሆቴል አድርጎ አደሳቸው።

ከመንደሯ አናት የሚታየው ክብ ማማ በሚያዝያ 6 ቀን 2009 በላኩዊላ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሶ ነበር። ቀደም ሲል በተደረገ እድሳት በጫፉ ላይ የተሠራው የኮንክሪት ወለል ክብደት ለመደርመሱ አንዱ ምክንያት እንደሆነ ይነገራል። ማማው ከዓመታት በኋላ በድንጋይ ተመልሶ ተሠርቷል።

ጊዜ ካለዎት ሁለት ቦታዎችን ይጨምሩ። አንደኛው በ1,460 ሜትር ላይ የቆመው የሮካ ካላሾ ምሽግ ሲሆን፣ ከመንደሯ በእግር የሚደረስበት መንገድ አለው። ሁለተኛው ካምፖ ኢምፔራቶሬ የተባለው ሰፊ የተራራ ሜዳ ነው። ኢትዮጵያን እንዲወር ጦሩን ያዘመተው ሙሶሊኒ ከሥልጣን ከወረደ በኋላ በ1943 የታሰረው በዚያ ባለው ሆቴል ነበር፤ በመስከረም 12 ቀን የጀርመን ወታደሮች ሞተር አልባ በሆኑ አውሮፕላኖች አርፈው አስወጥተውታል። ይህን ታሪክ ለልጆችዎ በቦታው ላይ ቆመው ቢነግሯቸው መልካም ነው እላለሁ።

የመንደሯን ምስርም ሳይቀምሱ አይመለሱ። ፍሬው በጣም ትንሽና ጠቆር ያለ ሲሆን የሚበቅለው ከ1,000 ሜትር በላይ ባሉ ማሳዎች ነው፤ ሳይዘፈዘፍም ቶሎ ይበስላል። እዚያ ሳይከካ በሾርባ መልክ፣ ከወይራ ዘይትና ከተጠበሰ ዳቦ ጋር ይቀርባል።

ስለ ጉዞው፣ ከሮም ቲቡርቲና ጣቢያ ወደ ላኩዊላ የሚሄድ አውቶቡስ አለ። ከላኩዊላ በኋላ ግን የሕዝብ ማመላለሻው ጥቂት ስለሆነ፣ በተለይ ከልጆች ጋር ሲሆኑ መኪና መያዝ ይሻላል። ወደ ካምፖ ኢምፔራቶሬ የሚወጣው የተራራ መንገድ በበረዶ ወራት ስለሚዘጋ ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉትን ወራት ቢመርጡ ሁሉንም በአንድ ጉዞ ያያሉ።