«አይቼ ዝም አልኩ፤ እኔም ሌባ ነኝ?»

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎት ከጅማ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት በቡና ወቅት፣ ትንሿን ልጄን ላጠባ ሌሊት ተነስቼ በመስኮት ሳይ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም ከቤታችን አጠገብ ካለው የቡና መጋዘን ጆንያ እያወጣ ባጃጅ ላይ ይጭናል። ይህ ልጅ ከገጠር መጥቶ እኔው ቤት በልቶ፣ እኔው አስተምሬው ያደገ ነው። ባሌን ቀሰቀስኩት። በመስኮቱ አየና መጋረጃውን መልሶ፣ "ምንም አላየሽም፤ ሆድ ይፍጀው" አለኝ።

በነጋታው ፖሊስ ቤት ለቤት ሲጠይቅ ባሌ በር ላይ ቆሞ "ሁላችንም ተኝተን ነበር" አለ። እኔ ልጄን አቅፌ ከኋላው ነበርኩ። የመጋዘኑ ዘበኛ ተጠርጥሮ ታሰረ። ከሳምንታት በኋላ ማስረጃ አልተገኘበትም ተብሎ ቢፈታም ሥራውን አጣ። የሌብነት ስም ያለው ሰው ማን ዘበኛ አድርጎ ይቀጥራል? አሁን ሲያገኝ ጭነት እያወረደ ይኖራል። ሚስቱ ጎረቤቴ ናት፤ እድራችንም አንድ ነው። እኔ ስኳር እልክላታለሁ፣ ለልጆቿ ደብተር እገዛለሁ። "እንዳንቺ ያለ ሰው አላየሁም" ትለኛለች፤ ይሄን ስትለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

አሁን የባሌ ወንድም ሊያገባ ነው። የድግሱ በርበሬ የሚቀነጠሰው እኔ ጓሮ ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ የዘበኛው ሚስት ልታግዘኝ መጥታ ከጎኔ ተቀምጣ ስትቀነጥስ ዋለች። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ለባሌ "ልናገር ነው" ስለው "ተናገሪና ልብስሽን ሸክፊ፤ እማማ ደም ግፊት እንዳለባት ታውቂያለሽ፣ እሷን ነው የምትገያት" አለኝ። ከሌባው ገንዘብ አምስት ሳንቲም አልነካሁም። ግን እኔም ሌባ ነኝ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን አሳጥሬዋለሁ፤ ማንነትሽን የሚያሳብቁ ነገሮችንም አውጥቻለሁ።

ሌባ አይደለሽም። የመጋዘኑ ቡና ዕዳ የባልሽ ወንድም ነው። የዚያን ሌሊት አንቺ ያደረግሽው ነገር ማየት ነው፤ ማየት ደግሞ ጥፋት አይደለም። ሕፃን ታቅፈሽ፣ በእጅሽ ያሳደግሽውን ልጅ ጆንያ ተሸክሞ ስታገኚው አፍሽ ቢያያዝ የሚፈርድብሽ ሰው ራሱን አያውቅም። ደግሞም ዝም አላልሽም፤ ባልሽን ቀስቅሰሽ አሳይተሽዋል።

ነገሩ የተበላሸው በነጋታው በር ላይ ነው። ፖሊሱ ጠየቀ፣ ባልሽ ዋሸ፣ አንቺ ከኋላው ቆመሽ ሰማሽ። ዘበኛው ሲያዝ ደግሞ ጉዳዩ ስለ ቡና መሆኑ ቀርቶ ስለ ሰው ሆነ። ያ ሰው እንዳልሰረቀ በእርግጠኝነት የሚያውቁ ሦስት ሰዎች እናንተ ቤት ነበሩ። ሦስታችሁም ዝም አላችሁ። ለዚህ ነው ከስርቆቱ ነፃ ነሽ ብዬ ከዘበኛው ስም መጥፋት ግን ነፃ ነሽ የማልልሽ። ድርሻችሁ እኩል አይደለም፤ የሰረቀው ከሁሉ ይበልጣል፣ በአንደበቱ የዋሸው ይከተላል፣ የአንቺ ከሁለቱም ያንሳል። ስንት ነው ብለሽ ብትጠይቂኝ ግን ቡና አይደለምና በፈረሱላ ልመዝንልሽ አልችልም።

ሰው እያየ ለምን ዝም ይላል የሚለውን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በ1964 ኒው ዮርክ ውስጥ አንዲት ወጣት ሌሊት ስትገደል 38 ሰዎች እያዩ ዝም አሉ ተብሎ በጋዜጣ ተጻፈ። ቁጥሩ የተጋነነ እንደነበር በኋላ ቢታወቅም ወሬው ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎችን አነሳሳ። በ1968 ባሳተሙት አንድ ሙከራ ላይ ሰዎች ቅጽ እየሞሉ ሳለ ወደ ክፍሉ ጭስ እንዲገባ አደረጉ። ብቻቸውን ከነበሩት 75 በመቶዎቹ ወጥተው ተናገሩ። ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው እንዲቀመጡ በምስጢር ከተነገራቸው ሁለት ሰዎች ጋር ከተቀመጡት ግን የተናገሩት 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ጭሱን በእጃቸው ከፊታቸው እያራገቡ መጻፋቸውን ቀጠሉ።

ይህን የማነሳው ሰበብ ልሰጥሽ አይደለም። «ሌላው ይናገራል» ብለሽ ነው እንዳልል መስኮቱ ላይ ብቻሽን ነበርሽ። የአንቺ ጭስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ምንም እንዳልተፈጠረ ከሚበሉ፣ ከሚስቁ፣ ሠርግ ከሚደግሱ ሁለት ሰዎች ጋር ሦስት ዓመት አንድ መሶብ ቀርበሻል። በየማለዳው የእነሱን ፊት እያየሽ «ምናልባት ያን ያህል ከባድ ነገር አይደለም» ማለትን ለመድሽ። በርበሬው ላይ የሆነው ይህ ልማድ መሰበሩ ነው። ሴትየዋ ባሏን ላሳሰረው ሰው ድግስ ሳታውቅ እጇን በበርበሬ ስታቃጥል አየሻት። እንቅልፍ ማጣትሽ ያስጨንቀኛል እንጂ አይገርመኝም። ተኝተሽ ብታድሪ ነበር የሚገርመኝ።

በቀድሞው ዘመን በብዙ የአገራችን አካባቢ አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበር። ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እንዲያወጣ ይደረጋል፤ ጥፋተኛው ካልታወቀ ካሳውን ሁሉም ተካፍሎ ይከፍላል። ምንም የማያውቀውም አብሮ ስለሚከፍል ፍትሐዊ አልነበረም። የሚያውቅ ሰው ዝም ሲል ዕዳው በማያውቁት ላይ እንደሚወድቅ ግን በሚገባ ያሳያል። የእናንተን ዝምታ ሦስት ዓመት ሲከፍል የኖረው ዘበኛው ነው።

የዛሬው ሕግ ጠበብ ይላል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 443 ማንኛውንም ሰው ባለማሳወቁ የሚቀጣው ወንጀሉ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን ነው፤ ስርቆት እዚያ ውስጥ አይገባም። ይህ ስለ ዝምታ ብቻ ነው። ወንጀለኛን መሸሸግና ለፖሊስ ሐሰት መናገር ሌላ ጥያቄ ስለሚያስነሳ የባልሽን ነገር ለሕግ ባለሙያ እተወዋለሁ። ሕግ አይከስሽም ማለት ግን ልብሽ ይፈታሻል ማለት አይደለም። በቁርአን አል በቀራህ ምዕራፍም፣ በኦሪት ዘሌዋውያንም ምስክርነትን መደበቅ በደል ተብሎ ተጽፏልና ጎረቤቶችሽ ጁምዓም ይሂዱ ቅዳሴ፣ በዚህ ላይ ልዩነት የላቸውም።

ስለ ስኳሩ ላውራሽ፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። የምትልኪው ነገር ደግነት አለበት። ግን ክፍያም ነው፤ ተቀባይዋ ለምን እንደሚከፈላት የማታውቀው ክፍያ። ስለዚህ ታመሰግንሻለች፣ ምስጋናው ያቆስልሻል፣ ቁስሉን ለማስታገስ ሌላ ኪሎ ትልኪያለሽ። ሰው ሲያጠፋ ሁለት ዓይነት ስሜት ይመጣበታል። አንደኛው «ያደረግሁት ነገር ክፉ ነው» ይለዋል፤ ይህ የሚያሠራ ስሜት ነው፣ ሰውን ወደ በደለው ሰው ይገፋዋል። ሌላው «እኔ ራሴ ክፉ ነኝ» ይለዋል፤ ይህኛው ያስደብቃል፣ ያሸፍናል፣ ስኳር ያስልካል። «እኔም ሌባ ነኝ?» የሚለው ጥያቄሽ ከሁለተኛው የመጣ ነው። መልሱ አዎ ቢሆን እንኳ ለዘበኛው ምን ይጠቅመዋል? እሱ የሚፈልገው ስሙ እንዲመለስለት ነው። ደብተሩን መግዛትሽን አታቁሚ፣ ልጆቹ ምን አጠፉ። ዕዳ እየከፈልኩ ነው ማለትን ግን ተዪ።

ስለ አማትሽ። በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ነገር ሊወጣ ሲል አንዲት ደም ግፊት ያለባት እናት ፊት ለፊት ትቀመጣለች። ሕመሟ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ ወሬ በድንገት እንዳይደርሳት መጠንቀቅም ተገቢ ነው። ግን እሷ ከሁላችሁም ሳታውቅ አትቀርም፤ የእናቶች ዝምታ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። ባታውቅም ሊገድላት የሚችለው የአንቺ ቃል ተብሎ የልጇ ሥራ መረሳቱ ትክክል አይደለም።

ወደሚደረገው ልምጣ። በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ባልሽ እጁን አንስቶብሽ ያውቃል? «ልብስሽን ሸክፊ» የሚለው የንዴት ቃል ከሆነ ሌላ ነው፤ ዱላ ያለበት ቤት ከሆነ ግን ከዚህ በታች ያለውን ብቻሽን አትጀምሪው። እሱም አንቺም የምታከብሩት አንድ ትልቅ ሰው ቀድሞ ይወቅ።

ፍርሃት ከሌለብሽ ከባልሽ ጋር ተነጋገሩ። ሌሊት አይሁን፣ ልጆች ባሉበት አይሁን፣ ከሠርጉ ዋዜማም አይሁን። ከቤት ወጣ ብላችሁ ይሁን። «አንተና ወንድምህ» ብለሽ ከጀመርሽ በሩ ተዘጋ። «እኔ» ብለሽ ጀምሪ፣ ስለ ራስሽ ተናገሪ፦ «ያ ሰው ሌባ እንዳልሆነ ሰፈር ሳያውቅ እንደ ድሮው መኖር አቃተኝ። ብቻዬን ከማደርገው ካንተ ጋር ባደርገው ይሻለኛል።» «ፖሊስ ጋ አልሄድም» ብለሽ ቃል አትግቢለት። ነገ ብትጠየቂ እንደገና ለመዋሸት ራስሽን ታስሪያለሽ። ይቆጣል። ምናልባት ቀናት ያኮርፋል። እሱም ሦስት ዓመት ያንን በር ተሸክሞ እንደኖረ አስቢ፤ ከአንቺ የሚለየው መጋረጃውን በመመለሱ ነው።

ቀጥሎ ወንድምየው ይነገረው፣ በባልሽ በኩል። ራሱ እንዲያስተካክል ዕድል ይሰጠው፤ ጊዜው ግን ይወሰን፣ «ከሠርጉ በኋላ እናያለን» ወደሚል መጨረሻ የሌለው ቀጠሮ አይቀየር። ለመጋዘኑ ባለቤት የወሰደውን ይመልስ። ለዘበኛው ደግሞ ያጣው ደመወዝ አለ፣ የታሰረባቸው ሳምንታት አሉ። በሽምግልና ይለቅ ወይስ በሕግ ይሂድ የሚለው ምርጫ የዘበኛው ነው፤ የእናንተ ቤተሰብ «በሽምግልና ጨርሰናል» ብሎ ሊወስንለት አይችልም። ሽማግሌዎቹም የባልሽ ዘመዶች ብቻ ከሆኑ ሌላ በደል ነው፤ እሱም የሚያምናቸውን ይምረጥ። ስሙ የጠፋው በአደባባይ ነውና በሰው ቤት ጓዳ አይመለስም። እድሩ ሲሰበሰብ ሰው ፊት ይነገርለት።

ለዘበኛው ሚስት በቡና ላይ ብቻሽን ልትነግሪያት ያምርሽ ይሆናል። ተይው፣ አሁን አይሁን። አልቅሰሽ ቀለል ይልሽና ሸክሙን ለእሷ አስረክበሽ ትሄጃለሽ፤ እሷ ደግሞ ባሏ ገና ያልሰማውን ይዛ ልታድር ነው። መንገዱ ተስተካክሎ ባሏም ሲሰማ ያኔ አንቺ ራስሽ ቀርበሽ «አይቻለሁ፣ ዝም ብያለሁ» በያት። «ተገድጄ ነው» የሚለውን አታስቀድሚ። ይቅር ላትልሽ ትችላለች። ከእንግዲህ ቡናሽን ላትጠጣ፣ በእድር ላይ ፊቷን ልታዞርብሽ ትችላለች። ያ መብቷ ነው፤ አንቺም ይህ ሊደርስብሽ እንደሚችል አውቀሽ ግቢበት።

እንቅልፉ በዚሁ ከቀጠለ፣ ምግብም ካስጠላሽ ወይም መኖር አላስፈልግ ካለሽ ጊዜ አትስጪው። ጅማ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ እዚያ መሄድ አበደች ያሰኛል ብለሽ አትፍሪ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሕግ ባለሙያ አማክሪ። ባልሽ ለፖሊስ የሰጠው ቃል ምን ሊያስከትል እንደሚችል፣ አንቺስ ብትመሰክሪ ምን ጥበቃ እንዳለሽ ጠይቂ፤ የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚባል አለ፣ በአንቺ ጉዳይ ላይ መሥራት አለመሥራቱን እነሱ ይነግሩሻል። ጠበቃ መክፈል ካልቻልሽ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣልና እዚያ ጠይቂ። እስከዚያው ለባልሽ ወንድምም ሆነ ለሌላ ሰው ስለዚህ ነገር በጽሑፍ ምንም አትላኪ፤ ቴሌግራምም ጽሑፍ ነው።