የጾም ሥጋ ጥርስ ላይ እንዲይዝ፦ ጥያቄና መልስ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። እንደምታውቁት ደሴ ውስጥ በትንሽ ማምረቻ የጾም ሥጋ እሠራለሁ፤ ከስንዴና ከአኩሪ አተር (ከሶያ)። ቅመሙን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፣ ስለሱ አትጠይቁኝ። ስለ ክሩ፣ ስለ ጥንካሬው፣ ሲታኘክ ስለሚሰጠው ስሜት ጠይቁኝ። ዛሬ እስከ ማታ አለሁ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ እትዬ፣ ፉርኖ ዱቄት አጥቤ የስንዴ ሥጋ ሠራሁ። እንደ ስፖንጅ ሆነብኝ። ሲነከስ ውሃ ይተፋል። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ አንተክትከኸው ነው። እኔም በጀመርኩበት ዓመት ለሁዳዴ መግቢያ የ20 ኪሎ ዱቄት ሥራ በዚሁ አበላሽቻለሁ። ማሰሮው ሲንተከተክ ሊጡ ውስጥ ያለው አየርና እንፋሎት ይነፋል፣ ክሩም ተለያይቶ ቀዳዳ ይሆናል። ቀዳዳው ውሃ ይሞላል። ያ ነው የሚተፋው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል 94 ገደማ። ሰው «አልበሰለም» ብሎ እሳት ይጨምራል። እሳቱ ግን ሙቀቱን ከዚያ አያሳልፈውም፤ አረፋውን ብቻ ያበዛዋል። ጊዜ ጨምሩ እንጂ እሳት አትጨምሩ። ኢንተርኔት ላይ 45 ደቂቃ ካለ እኔ አንድ ሰዓት ከሩብ እሰጠዋለሁ። ውሃው ዳር ዳሩን ይነቃነቅ፣ አይንተክተክ።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ እንዲጣፍጥ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑ? ከምን የተሠራው? ጥያቄሽን አብራርተሽ ተመለሺ እህቴ።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ልጄ፣ እኔ ዱቄቱን ማጠቡን ራሱ አላውቀውም። ከመጀመሪያው ንገሪኝ።

መልስ፦ እሺ እማማ፣ ይህንማ በደስታ። 1 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት በ600 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ያቡኩ። 10 ደቂቃ በደንብ ይሹት። ከዚያ ሳፋ ውስጥ አድርገው ቀዝቃዛ ውሃ ያልብሱትና አንድ ሰዓት ይተዉት። ይህ እረፍት አይዘለል፤ ክሩ የሚተሳሰረው ያኔ ነው።

ቀጥሎ እዚያው ውሃው ውስጥ በእጅዎ ይጨምቁት። ውሃው ወተት ይመስላል፤ የሚወጣው ስታርች ነው። ይድፉት፣ ሌላ ውሃ ይጨምሩ። አምስት ስድስት ጊዜ። በመሃል ሊጡ ብትንትን ብሎ የጠፋ ይመስላል። አይደንግጡ፣ ጣትዎን ከፍተው ከሳፋው ሥር ይሰብስቡት። መጨረሻ ላይ ወደ ግራጫ የሚያደላ፣ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ነገር እጅዎ ላይ ይቀራል። ከ1 ኪሎ ዱቄት ከ250 እስከ 350 ግራም ቢያገኙ ነው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። በድቡልቡሉ አይቀቅሉት! ግማሽ ሰዓት ያሳርፉት፣ በረጅሙ ይሳቡት፣ ሦስት ቦታ ሰንጥቀው እንደ ሹሩባ ይጎንጉኑት። ጠበቅ አድርገው ይቋጥሩት። ሥጋን ሥጋ የሚያስመስለው ክሩ ወደ አንድ አቅጣጫ መሄዱ ነው። ሲጎነጉኑት ያንን አቅጣጫ ይሰጡታል። ከበሰለ በኋላ በእጅ ሲቀደድ እንደ ዶሮ ፈረሰኛ ዘርዘር ይላል። በቢላ ከከተፉት ግን ልፋትዎ አይታይም። ሲቀቅሉት ደግሞ አደራ፣ አይንተክተክ።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)፦ የተገዛ ደረቅ የሶያ ሥጋ ነው የምጠቀመው። ጥብስ ሳደርገው ይላሽቃል፣ የባቄላ ሽታም አለው።

መልስ፦ ውሃ አብዝተሽ ነው። ለ100 ግራም ደረቅ ሶያ 200 ግራም ያህል ትኩስ ውሃ፣ ከጨው ጋር፣ 15 ደቂቃ። ከዚያ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልለሽ ጨምቂው። ሽታው አብሮ ይወጣል፤ ካልወጣ በአዲስ ውሃ ድገሚው። ያንን ውሃ ለወጡ አታስቀሪው፣ ድፊው። ቀጥሎ ያለ ዘይት ምጣድ ላይ አገላብጪው፣ ጫፉ ቡኒ እስኪል። ዘይትና ሽንኩርቱ ከዚያ በኋላ። ሶያው በውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው በውሃ ከተያዘ ቁሌቱ የት ይገባል?

ጥያቄ (ከመርሳ)፦ የእኔም ሶያ ይላሽቃል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አሁን መለስኩት። ከላይ አንብብ። ጭመቀው!

አስተያየት (ከወልዲያ)፦ ይቅርታ፣ ጥያቄ አይደለም። በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ሥጋ የመሰለ ነገር መፈለግ ከጾሙ ጋር አይጣላም? ምኞቱን ትተን አይደል የምንጾመው?

አስተያየት (ከሐይቅ)፦ ልጄ፣ እናቶቻችን ሽምብራውን አቡክተው በዓሣ ቅርጽ ቆርጠው ጠብሰው ወጥ ይሠሩበት የለም እንዴ? የሽምብራ ዓሣ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?

አስተያየት (ከወልዲያ)፦ እሱ ባህል ነው እማማ። ይህ ግን ንግድ ሆነ።

አስተያየት (ከከሚሴ)፦ እኔ በሌላ በኩል ነው የማየው። እኛ ዘንድ ሠርግ ሲሆን የሙስሊሙ እርድ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ እርድ ለብቻ ነው። ጎረቤታሞች ሆነን በሁለት ድንኳን እንበላለን። ይህ ግን እርድ የለበት። ባለፈው የእህቴ ኒካህ ላይ የስንዴ ጥብስ አቀረብን፣ ከአንድ ትሪ በላን። ወላሂ ደስ ብሎኛል።

መልስ፦ የከሚሴው ወንድሜ ያለው ልቤን ነካው። እኔም ይህን ሥራ የምወደው ለዚህ ነው። የጾሙን ነገር ግን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። ወደ ሳፋችን እንመለስ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ የጾም ክትፎና በርገር ስሠራ ይፈረፈርብኛል። ተልባ ጨምሬም አልሆነም።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ማያያዣ ሁለት ዓይነት ነው፤ ቀዝቃዛ ሳለ የሚይዝና ሲሞቅ የሚይዝ። የተፈጨ ተልባ በውሃ ሲዘፈዘፍ ያጣብቃል፣ ቅርጽ ለማውጣት ይረዳል። ምጣድ ላይ ግን አይጠነክርም። ስለዚህ ቅመም የሌለበት የሽምብራ ዱቄት ጨምርበት፤ እሱ በእሳት ይጠነክራል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ሜቲልሴሉሎስ የሚባል የማያያዣ ዱቄት ይጠቀማሉ። እሱ ሲሞቅ ይረጋል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይላላል። ካገኘኸው በቀዝቃዛ ውሃ አሟሟው፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ አይሟሟም።

ዘይት ደግሞ መጀመሪያ አታፍስስ። ዘይት ሁሉን ነገር ለብሶ እንዳይያያዝ ያደርጋል። የሚረጋ ዘይት ማቀዝቀዣ ውስጥ አጠንክረህ፣ ፈቅፍቀህ፣ መጨረሻ ላይ ቀላቅለው። ምጣድ ላይ ሲቀልጥ እዚያው በየቦታው ወዝ ይሰጥሃል። ቀለም ከፈለግህ ቀይ ሥር።

ጥያቄ (ከደላንታ)፦ እኛ ጋ ጓያ በርካሽ አለ። ከሽምብራው ይልቅ እሱን ብንጠቀምስ?

መልስ፦ አይሆንም። ጓያ ሲዘወተር እግር ሽባ እንደሚያደርግ አገራችን በረሃብ ዘመን አይታለች። መዘፍዘፍና መቀቀል መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ለራሳችሁም ለደንበኛም አትሥሩበት። ባቄላና ምስር ሞልቷል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ብየዳ አውቃለሁ። የሶያ ሥጋ ማሽኑን ራሴ ብሠራውስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያ ማሽን፣ ኤክስትሩደር የሚባለው፣ የሥጋ መፍጫ አይደለም። በውስጡ ዱቄቱ እየታሸ ከ130 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ በከፍተኛ ግፊት። ደረቁ ሶያ ከአፉ ሲወጣ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና ይነፋዋል፤ ቀዳዳው የሚመጣው ከዚያ ነው። እርጥቡና ባለ ክሩ ዓይነት ደግሞ ከግማሽ በላይ ውሃ ይዞ በረጅም ማቀዝቀዣ ቱቦ ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል። እየተገፋ ሲቀዘቅዝ ክሩ በአንድ አቅጣጫ ይተኛል። እኛ በእጅ የምንጎነጉነውን እሱ በቱቦ ይሠራዋል ማለት ነው። ግፊት ያለበትን ነገር ግቢህ ውስጥ አትሞክር፣ ሰው ይጎዳል።

ጥያቄ (ከመርሳ)፦ በኪሎ ስንት ትሸጫለሽ?

መልስ፦ ዛሬ ዋጋ አላወራም።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሆጤ)፦ ስንዴ ሆዴን ይነፋኛል። የስንዴው ሥጋ ይስማማኛል?

መልስ፦ ይህ የሐኪም ጥያቄ ነው። ከመታየትሽ በፊት አትብዪው፤ ከሞላ ጎደል ንጹህ ግሉተን፣ ማለትም የስንዴው ፕሮቲን ነው።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)፦ እትዬ፣ እንዳሉት ጎንጉኜ ሳላንተከትክ ቀቀልኩት፣ አሁን አወጣሁት። ሞቅ እንዳለ ልቅደደው?

መልስ፦ አይ፣ መልሺው! ከነሾርባው ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ ጠዋት ይደር። ትኩሱን ከነካሽው ይለጠጣል እንጂ አይዘረዘርም። ጠዋት ቀደሽ ፎቶ ላኪልኝ።