ከናኖቲዩብ የተሠራ ንጣፍ ሙቀት ለምን አያሳልፍም?

ወንድሜ፣ ነጠላው የካርቦን ናኖቲዩብ (ከካርቦን አቶሞች የተሠራ እጅግ ቀጭን ቱቦ) ሙቀት በማስተላለፍ መዳብን እየበለጠ፣ ከብዙ ናኖቲዩቦች የሠራኸው ስስ ንጣፍ ለምን እንደ ፕላስቲክ እንደሆነብህ፣ እንዴትስ እንደምትቆጣጠረው ጠይቀሃል። እኔም የምሠራው በዚሁ ዓይነት ንጣፍ ላይ ስለሆነ ያየሁትን ላካፍልህ።

ችግሩ ቲዩቡ ላይ ሳይሆን መገናኛው ላይ ነው። በ2001 አንድ ባለ ብዙ ግድግዳ (አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡ ቱቦዎች ያሉት) ናኖቲዩብ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ለብቻው ሲለካ ከ3000 ዋት በሜትር በኬልቪን በላይ ሆኖ ተገኘ፤ መዳብ 400 ገደማ ነው። በ2009 ግን ናኖቲዩቦች ያለ ሥርዓት ተደበላልቀው ሲታመቁ ከ0.2 አላለፉም። ሙቀቱን የሚሸከመው የአቶሞች ንዝረት፣ ፎኖን የምንለው፣ በቲዩቡ ውስጥ ያለ ብዙ እንቅፋት ይጓዛል። ወደ ጎረቤቱ ቲዩብ ለመሻገር ግን ያለው በር ሁለቱ የሚነካኩበት ጠባብ ነጥብ ብቻ ነው፤ እሱም በደካማው የቫን ደር ዋልስ ኃይል የተያያዘ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ርዝመቱን ተመልከት። ቲዩቡ በረዘመ ቁጥር ሙቀቱ የሚሻገራቸው መገናኛዎች ያንሳሉ። ቲዩቦቹን ፈሳሽ ውስጥ በአልትራሳውንድ ስትበትናቸው ጊዜውን ካበዛኸው ይቆራረጣሉ። ከመበተንህ በፊትና በኋላ ናሙና ወስደህ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ብታይ ልዩነቱ ይታይሃል። ይህ ደረጃ ብዙ ሰው ችላ የሚለው ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ከዚያ በአንድ አቅጣጫ አሰልፋቸውና አጥብቀህ እመቃቸው። ሙቀቱ በሰልፉ አቅጣጫ በደንብ ይሄዳል፤ ወደ ጎን ግን ይቸገራል። ሙቀቱን ወደምትፈልገው አቅጣጫ መምራት የምትችለውም በዚሁ ነው።

መገናኛውን በኬሚካል ማሰር ይረዳል፤ ሆኖም ግድግዳው ላይ የምታስረው እያንዳንዱ ሞለኪውል ፎኖኑን የሚበትን ጉድለት ይሆናል። በዚህ ላይ ቁጥብ ሁን።

ዓላማህ ቴርሞኤሌክትሪክ፣ ማለትም የሙቀት ልዩነትን ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር፣ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ ደካማው መገናኛ የሙቀት ልዩነቱ ቶሎ እንዳይጠፋ ስለሚያደርግ ይጠቅምሃል። በዶፒንግ (የኤሌክትሪክ ተሸካሚዎችን የሚያበዛ ባዕድ ንጥረ ነገር በማከል) ኤሌክትሪኩን ብታሻሽል፣ ሙቀቱ በአብዛኛው በፎኖን ስለሚሄድ ያን ያህል አይጨምርም።

ናኖቲዩቡን ፖሊመር (እንደ ፕላስቲክ ያለ ቁስ) ውስጥ ከጨመርከው ደግሞ የኤሌክትሪክ ልኬቱ አያሳስትህ። ጥቂት ናኖቲዩብ ኤሌክትሪኩን በብዙ ሺህ እጥፍ ሊያሳድገው ይችላል። ሙቀት ግን በፖሊመሩም በኩል ስለሚያልፍ እንዲህ ያለ ድንገተኛ ዝላይ አይታይበትም።

አንድ ነገር ንገረን፦ የለካኸው በንጣፉ ርዝመት ነው ወይስ በውፍረቱ? ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ። ውፍረቱን ስትለካ በቲዩቦቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታም ተቆጥሮ እንደሆነ አጣራ። በርዝመቱ ከሆነ ደግሞ ቫኪዩም ውስጥ መለካትህን ጻፍልን፤ ስስ ንጣፍ በአየርና በጨረር የሚያጣው ሙቀት ውጤቱን ያዛባዋል።