ለገና ሙሉ ተርኪ በጭስ ለምትሠራው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። በታንክስጊቪንግ ሰሞን በቅናሽ የገዛሽው 12 ፓውንድ ተርኪ ፍሪዘር ውስጥ አለ። ለገና ሙሉውን በከሰል ግሪል፣ በጭስ ልታበስዪው አስበሻል። የጨው ውኃ ውስጥ ስንት ሰዓት ይቆይ፣ የትኛው እንጨት ይሻላል፣ በርበሬስ ይገባበታል ወይ ነው ያልሽው። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ስለ እንጨትና ስለ ቅመም ብዙ ብለዋል። እኔ እዚህ ሜሪላንድ ለገና ስሠራ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ተርኪን የሚያጣፍጡትም የሚያበላሹትም ጨውና ሙቀት ናቸው። ስለዚህ ከቅመሙ በፊት የኩሽና ሚዛንና የሥጋ ቴርሞሜትር ግዢ።

እናቶቻችን ጾም ላይ ሆነው ዶሮ ወጥ ሳይቀምሱ በሽታው ብቻ ልኩን የሚያውቁት ዕድሜ ልካቸውን ስለሠሩት ነው። ተርኪ ላይ ያ ልምድ የለንም። ደግሞ ዶሮውን 12 ብልት አውጥተን ነው የምናበስለው። ይሄ ሙሉ ነው። ውስጡ ምን ላይ እንደደረሰ ከውጭ አይታይም።

መጀመሪያ ግን የተርኪውን ላስቲክ አንብቢ። በትንሽ ፊደል «እስከ 8 ከመቶ ሶሉሽን» ወይም እንደዚህ ያለ ነገር ከተጻፈበት ፋብሪካው የጨው ውኃ ወግቶታል ማለት ነው። በቅናሽ ከሚሸጡት ብዙዎቹ እንደዚህ ናቸው። ኮሸር (በአይሁድ ሥርዓት የተዘጋጀ) የሚል ከሆነም ጨው አልፎበታል። እንዲህ ያለውን መልሰሽ ጨው ውኃ ውስጥ ብትዘፈዝፊው በጣም ጨዋማ ይሆናል፣ ከሆዱ የሚወርደው መረቅም ለምንም አይሆንም። እኔ ብሆን ዝፍዘፋውን ትቼ ቆዳውን ወደ ማድረቁ እሄዳለሁ።

ያልተወጋ ከሆነ 8 ሊትር ውኃ፣ 450 ግራም ጨው። ይኸው ነው። ጨውን በኩባያ አትለኪ። አንድ ኩባያ ተራ የጠረጴዛ ጨው 290 ግራም ገደማ ይመዝናል። ኮሸር ጨው የሚባለው ፍሬው ተለቅ ያለው ጨው ደግሞ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ የሞርተን 240 አካባቢ ነው፣ የዳይመንድ ክሪስታል 140 ገደማ። ኢንተርኔት ላይ «ሁለት ኩባያ ጨው» የሚል አሠራር አይተሽ የራስሽን ጨው ከለካሽበት እጥፍ ልትጨምሪ ትችያለሽ። አንዱ ሰው አልጫ ሆነብኝ፣ ሌላው ጨው በዛብኝ የሚለው በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው።

ጨው ሥጋውን ከማጣፈጥ ሌላም ሥራ አለው። የሥጋውን ፕሮቲን በከፊል ያሟሟዋል። ስለዚህ ሲበስል ጨምቆ ውኃውን አይለቅም። በተለይ ደረቱ ስብ ስለሌለው ይህ በጣም ይጠቅመዋል። ቅመሙ ግን እንደ ጨው ወደ ውስጥ አይዘልቅም፣ ከላይ ከላይ ይቀራል። ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠል፣ ትንሽ ኮረሪማና ቁንዶ በርበሬ ብትጨምሪ ጥሩ ሽታ ይሰጥሻል። አንድ ኩባያ ቡናማ ስኳርም ቆዳውን ያቀላዋል። ውድ ቅመም ግን እዚያ ባልዲ ውስጥ አትጨርሺ።

ሎሚ አታስገቢበት። ዶሮ በሎሚና በጨው ማሸት ልማዳችን ነው፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ አሲድ ውስጥ ያደረ ሥጋ ላዩ ይላሽቃል። ሌላም የሚከብደን ነገር አለ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ጥሬ ዶሮና ተርኪ አታጥቡ ይላል፤ የሚረጨው ውኃ ባክቴሪያውን ሲንኩና አጠገቡ ያለው ዕቃ ላይ ይበትነዋል። እዚህ የሚሸጠው ተርኪ ላባውም ሆድ ዕቃውም ወጥቶለት ነው የሚመጣው። አንገቱንና በከረጢት የተቀመጠውን ጉበትና መሰል ነገር ከሆዱ አውጪና በቀጥታ ወደ ጨው ውኃው ክተቺው።

ቀኑን እንዲህ ቁጠሪ። ፍሪጅ ውስጥ በረዶው ለመልቀቅ ለየ4 ወይም 5 ፓውንዱ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል፣ የአንቺው 3 ቀን ገደማ ማለት ነው። ጃንዋሪ 2 ማታ ከፍሪዘር አውጥተሽ ፍሪጅ ውስጥ አድርጊው። ጃንዋሪ 5 ማታ ጨው ውኃው ውስጥ ግባ በይው። ጨውን በትንሽ ሙቅ ውኃ አሟሚ፣ የቀረውን ቀዝቃዛ ውኃ ጨምሪ። ውኃው በደንብ ሳይቀዘቅዝ ሥጋው አይግባ። ዕቃው አይዝጌ ብረት ወይም ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ ይሁን፣ አሉሚኒየም አይሆንም። ፍሪጁ ካልበቃሽ የሽርሽር ኩለር ውስጥ በረዶ እየጨመርሽ ከ40 ፋራናይት በታች አቆዪው። በማግስቱ ጠዋት፣ ከ12 እስከ 14 ሰዓት ሲሞላው፣ አውጪው። በወረቀት ፎጣ ውስጡንም ውጩንም አድርቂና ሳትሸፍኚ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው። ይህን ማሳደር ብዙ ሰው ይዘለዋል። እርጥብ ቆዳ ግን ግሪል ላይ እንደ ላስቲክ ነው የሚሆነው።

የበዓሉ ቀን ጠዋት ቆዳውን ከደረቱ ላይ በጣትሽ ቀስ አድርገሽ አላቂና ንጥር ቅቤ ከሥር ቀቢው። ውኃውና ወተቱ ስለወጣለት እንደ ተራ ቅቤ ቶሎ አያርም። በርበሬ ይገባበታል፣ ግን መጨረሻ ላይ። ከመጀመሪያው ቆዳው ላይ ከቀባሽው ይጠቁርና ሊመር ይችላል። በቅቤ አሟሚውና ሊወጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ቀቢው። ሆዱን በምንም አትሙዪ።

ከሰሉን በቺምኒ (ከሰል ማያያዣ የብረት ጣሳ) አያይዢ፣ በነዳጅ አይሁን፤ ሽታው ሥጋው ላይ ይቀራል። ፍሙን ለሁለት ከፍለሽ ግራና ቀኝ አድርጊ። መሐል ላይ ውኃ ያለበት የአሉሚኒየም ትሪ፣ ተርኪው ከትሪው በላይ። ክዳኑ ላይ ባለው ቴርሞሜትር አትተማመኚ፣ ሙቀቱን ተርኪው ጎን ለኪ። ብዙ ሰው ጭስ ሲባል 225 ፋራናይት ይላል። ያ ለብሪስኬት፣ ለበሬ ፍርንባ ነው። ተርኪ ላይ ቆዳውን አያበስለውም፣ ሥጋውንም ባክቴሪያ በሚራባበት ሙቀት ውስጥ ረጅም ሰዓት ያቆየዋል። ከ300 እስከ 325 ያዢ። በየሰዓቱ ገደማ በየጎኑ ጥቂት ከሰል ጨምሪ። ጃንዋሪ ስለሆነ፣ በተለይ ንፋስ ካለ፣ ከወትሮው የበለጠ ከሰል ይበላል።

እንጨቱ ፖም ወይም ቼሪ ይሁን። ሂከሪም ይሆናል፣ ግን ትንሽ። የቡጢ ያህል ሁለት ሦስት ቁራጭ መጀመሪያ ላይ ፍሙ ላይ አድርጊ፣ ከዚያ በኋላ አትጨምሪ። ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ አያስፈልግም። ወፍራም ነጭ ጭስ ሲወጣ ሥጋውን አታስገቢ፣ ስስ እስኪሆን ጠብቂ። የወተት ዕቃ በወይራ እንደማጠን ነው፤ የሚፈለገው ሽታው እንጂ ጥላሸቱ አይደለም።

አንድ ነገር አደራ። በረደ ብላችሁ ግሪሉን ጋራዥ ውስጥ አታስገቡ፣ በሩ ክፍት ቢሆንም። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል። አፓርታማ ከሆነ የምትኖሪው በረንዳ ላይ ከሰል ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ።

12 ፓውንድ በዚህ ሙቀት 3 ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። ሰዓቱን ግን ለእንግዶች ቀጠሮ ብቻ ተጠቀሚበት። ከ2 ሰዓት በኋላ ቴርሞሜትሩን በደረቱ ወፍራም ቦታና በታፋው ውስጥ አስገቢ፣ አጥንት አይንካ። ሁሉም ቦታ 165 ፋራናይት መድረስ አለበት። ታፋው 175 ሲደርስ የበለጠ ይለሰልሳል። ደረቱ ከቀደመ በፎይል ሸፍኚው። ተሰክቶበት የሚመጣው ብቅ የሚል ፕላስቲክ ዘግይቶ ነው የሚነሣው፣ እሱን ከጠበቅሽ ደረቱ ይደርቃል።

ስትቆርጪው ከቆዳው ሥር ሥጋው ሮዝ መስሎ ይታያል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰው «ይሄ ጥሬ ነው» ማለቱ አይቀርም። የጭሱ ጋዝ ከሥጋው ቀለም ጋር ተዋህዶ ነው። 165 ከደረሰ በስሏል፣ ተመልሶ ኦቨን አይግባ። ከመቁረጥሽ በፊት ደግሞ ግማሽ ሰዓት ይረፍ።

ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን የምታድሪ ከሆነ ጠዋት በዶሮ ወጡ ግደፉ፣ ተርኪው ለከሰዓት ይድረስ። እንቅልፍ ይዞሽ እሳት አትጠብቂ። የተረፈውን በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቢ። አጥንቱን ቀቅዪውና መረቁን በማግስቱ ለፍርፍር አድርጊው፤ መረቁ ራሱ ጨው ስላለው ሌላ ጨው ሳትጨምሪ ቅመሺ።